ለኮከብ ቆጣሪዎች የሚሆን ኮምፒዩተር

የታሪክ፥ የቋንቋና የፍልስፍና ተማሪዎች ሆነን ሌሊት ሌሊት ካሜራ ተሸክመን ወደ ሜዳ የምንወጣ ስድስት ጓደኞች መኖራችንን የሰማ ሁሉ «ኮከብ ቆጣሪዎቹ» እያለ ይጠራናል። ስሙን አልጠላነውም። እኛ ግን የሰው ዕድል አንቆጥርም፤ የምንለቅመው ብርሃን ነው። ሰሞኑን ደግሞ «ኮከብ ቆጣሪዎቹ ኮምፒዩተር ሊገዙ ነው» የሚል ወሬ ተነሥቷል። ወሬው እውነት ነው። ለዐሥር ወር ከኪስ ገንዘባችን እያዋጣን ያጠራቀምነው ገንዘብ አንድ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ ሁለተኛ መግዣ የለንም። ከስድስታችንም አራታችን በሚመጣው ሰኔ ተመርቀን እንሄዳለን። ስለዚህ «የትኛው ይገዛ?» የሚለው ጉዳይ ብዙ ሳምንት አከራክሮን፥ ሁለት ወዳጆቻችንንም እስከ መኳረፍ አድርሷቸው ነበር። ከክርክሩ ያገኘነው ትምህርት ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብለን በዚህ መጽሔት ላይ ልናሰፍረው ወደድን።

አንባቢ አስቀድሞ «ለፎቶግራፍ ካሜራ ይበቃል፤ ኮምፒዩተሩ ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ድሬፐር በ1880 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኦሪዮንን ኔቡላ፥ ማለት በኦሪዮን ከዋክብት መካከል ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶግራፍ ሲያነሣ በኬሚካል የተቀባ አንድ መስተዋት ለ51 ደቂቃ ለሰማይ ገልጦ ነው። እኛ ግን ይህንኑ ኔቡላ በታኅሣሥና በጥር፥ ከአናታችን በላይ ሲደርስ፥ አንድ አንድ ደቂቃ እያልን 200 ጊዜ እናነሣዋለን። ነፋስ ካሜራውን ቢነቀንቀው፥ አውሮፕላን ቢያልፍበት የሚበላሸው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። አንዱን ፎቶግራፍ ለብቻው ያየው ሰው ግን ያዝናል፤ ጥቁር ነው፤ ካሜራው ራሱ የጨመረው ነጠብጣብም እንደ እንክርዳድ ተበትኖበታል። ብልሃቱ መደመሩ ላይ ነው። መቶ ፎቶግራፍ ሲደመር የኔቡላው ብርሃን መቶ እጥፍ ሲሆን፥ ነጠብጣቡ ግን በዘፈቀደ የወደቀ ስለ ሆነ እርስ በርሱ እየተጣፋ ዐሥር እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሥዕሉ ዐሥር ጊዜ ይጠራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ይህን መደመር በእጅ የሚሠራ ሰው የለምና ኮምፒዩተር ያስፈልጋል።

የግእዝ ጽሑፎችን የምታጠና አንዲት ጓደኛችን ነገሩን ከሁላችንም ቀድማ የተረዳችው በራሷ ሙያ በኩል ነው። «ይኸ እኮ ብራና ማመሳከር ነው» አለችን። አንድ መጽሐፍ በብዙ ደብር፥ በብዙ ጸሐፊ እጅ ተገልብጦ ይገኛል። አንዱ ጸሐፊ መስመር ይዘላል፤ ሌላው ፊደል ያሳስታል። ሊቁ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያመሳክር በአንዱ ብቻ ያለውን ስሕተት ሌሎቹ ያጋልጡታል። የእኛም 200 ፎቶግራፎች 200 ቅጂዎች ናቸው። በአንዱ ላይ ሳተላይት መስመር አስምራ ብታልፍ፥ የቀሩት 199 ስለማይመሰክሩላት መስመሯ ትጣላለች። ነገር ግን ሁሉም ከአንድ የተሳሳተ እናት መጽሐፍ የተገለበጡ እንደ ሆነ ስሕተቱ በሁሉም ላይ አለና ማመሳከር ብቻውን አያድንም። በካሜራው ዐይን ላይ ያረፈ አቧራም እንዲሁ በሁሉም ላይ ይደገማል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሌንሱን ከድነን በጨለማ፥ አንድ ጊዜም እኩል ብርሃን ባረፈበት ነጭ ጨርቅ ላይ ለብቻው ፎቶግራፍ እናነሣለን። ኮምፒዩተሩ የካሜራውን ነውር ከነዚህ ዐውቆ ያስተካክላል።

ሱቅ ለሱቅ መዞሩን ትተን በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ሒሳብ እንድንሠራ ያስገደደችንም ይህችው ጓደኛችን ናት። የካሜራችን ፎቶግራፍ 24 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ለሥራ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም፥ እያንዳንዱ ቀለም ደግሞ 4 ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ፎቶግራፍ 288 ሜጋባይት ይሆናል፤ 200ው ደግሞ 57.6 ጊጋባይት። ሶፍትዌሩ ነውሩን ካስተካከለ በኋላ አንድ ቅጂ፥ ኮከቡን በኮከቡ ላይ ካጋጠመ በኋላ ሌላ ቅጂ ስለሚያስቀምጥ፥ ለአንድ ሌሊት ሥራ ብቻ 115 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ይህን ወረቀት ይዞ ሱቅ የገባ ሰው ጥያቄው ይለወጣል። ሻጩ «ይኸ አዲስ የገባ ነው» ሲል እኛ «ዲስኩ በሰከንድ ስንት ያነባል?» እንላለን። በሰከንድ 120 ሜጋባይት የሚያነብ ሃርድ ዲስክ ያንን 57.6 ጊጋባይት አንድ ጊዜ ለማንበብ 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። 500 የሚያነብ ኤስኤስዲ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 3,000 የሚያነበው ኤንቪኤምኢ የተባለው ግን 20 ሰከንድ አይሞላውም። ሥራው ደጋግሞ ማንበብና ደጋግሞ መጻፍ ስለ ሆነ ልዩነቱ እየተባዛ ይሄዳል። ሜሞሪን በተመለከተ፥ ሶፍትዌሩ 200ውን ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ አይውጥም፤ ከሁሉም ላይ ጥቂት ጥቂት መስመር እያነሣ ያመሳክራል። ሜሞሪው በሰፋ መጠን ብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ያነሣል። 8 ጊጋባይት ይጨንቃል፤ 16 ይበቃል፤ 32 ያዝናናል። ፕሮሰሰሩም ብዙ ኮር ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ለብቻው ሊሠራ ስለሚችል ስድስት ኮር ሥራውን እንደ ደቦ ይካፈለዋል።

ኩርፊያው የመጣው በግራፊክስ ካርድ ምክንያት ነው። የፍልስፍና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ገንዘቡ በሙሉ ኀይለኛ ካርድ ላለው ላፕቶፕ ይዋል አለ። ነገሩም ከንቱ አልነበረም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠለጠኑ ሶፍትዌሮች ዛሬ ነጠብጣቡን ይጠርጋሉ፤ ከዋክብቱን ከኔቡላው ይለያሉ፤ የደበዘዘውን ያጎላሉ። ካርድ ሲኖር በሰከንዶች፥ ካርድ ሳይኖር በደቂቃዎች ይሠሩታል። «አንቺ ሁሉ ነገር ብራና ይመስልሻል፤ እኔ ግን ዓለም የሄደበትን መንገድ ነው የምነግርሽ» አላት። እርሷም «ቅጂዎቹን አይቶ የሚያርም ሊቅና ሌላ ቦታ ያነበበውን እዚህ የሚጨምር ጸሐፊ አንድ አይደሉም፤ አንተ ለሁለተኛው ነው ገንዘብ የምትከፍለው» አለችው። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም።

እኛ የቀረነው አራታችን ሁለቱንም አድምጠን ነገሩን መረመርነው። የሁለቱም ንግግር እውነት አለበት። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ከሠለጠነበት ሥዕል ተነሥቶ ስለሚገምት፥ በሰማይ የሌለ ነገር ሊያስገባ ይችላል። ከኔቡላው የተነሣው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ተጉዟል፤ በመጨረሻው ሰዓት ከጠረጴዛችን ላይ የራሳችንን ምኞት ብንጨምርበት ነውር ነው። ጥንቃቄውም የእኛ ብቻ አይደለም። በ2019 ይፋ የሆነውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል የሠሩት ሊቃውንት በአራት ቡድን ተከፍለው፥ አንዱ ቡድን ከሌላው ጋራ ሳይነጋገር፥ እያንዳንዱ ለብቻው ምስሉን እንዲያወጣ አድርገዋል፤ ይኸውም የሚታየው ከመረጃው የመጣ እንጂ ከሰው ምኞት የመጣ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያውን በልክና በግልጽ የሚጠቀም ሰው ኀጢአት አልሠራም። ለምርጫችን ልጓም የሆነን ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንጠቀምበት ሲሪል የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ፎቶግራፎቹን የሚደምረው በፕሮሰሰሩ ነው፤ ካርዱ በዚያ ሥራ አይገባም። እንግዲህ ካርዱ ቢቆየን የሚቀርብን ጊዜ ነው፤ ዲስኩና ሜሞሪው ቢጎድሉን ግን የሚቀርብን ሥራው ራሱ ነው። ስለዚህ ወደፊት ካርድ መቀበል የሚችል፥ ፓወር ሰፕላዩም ለዚያ የሚበቃ ሣጥን ይገዛ ብለን ፈረድን። ሁለቱም ተስማሙ።

ቀጥሎ የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ነገር መጣ። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ በባትሪው መሥራቱ፥ ሜዳም ድረስ መሄዱ የማይካድ ጥቅም ነው። ነገር ግን ረጅም ሥራ ሲይዝ ይግላል፤ ሲግልም ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙዎቹም ላይ ሜሞሪው የተበየደ ስለ ሆነ መጨመር አይቻልም። ከሁሉም በላይ ላፕቶፕ እግር አለው። ዛሬ በአንዱ ቦርሳ፥ ነገ በሌላው መኝታ ክፍል፥ በሰኔም ከተመራቂው ሻንጣ ጋራ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ሐረር ይሄዳል። ማንም ሌባ ሳይሆን የጋራው ንብረት የአንድ ሰው ሆኖ ይቀራል። ዴስክቶፕ ግን ባለበት ይቀመጣል፤ ሲበላሽም ሣጥኑን ከፍተን የተጎዳውን ዕቃ ብቻ እንለውጣለን። የመብራቱ ነገር አሳስቦን ዩፒኤስ እንዲጨመር ወሰንን፤ ዩፒኤሱ ሌሊቱን ሙሉ ባያሠራም ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት ያደርሳል።

ስለ ስክሪንም አንድ ቃል እንበል። ርካሽ ስክሪን ከላይ ሲያዩትና ከታች ሲያዩት ጨለማው ይለዋወጣል። በአንዱ ዐይን ኔቡላው ያለ፥ በሌላው ዐይን የሌለ ይመስላል። ስለዚህ አይፒኤስ የሚባለውን ዓይነት፥ ያገለገለም ቢሆን፥ መርጠናል።

በመጨረሻ በጋራ የጻፍነው ዝርዝር ይህ ነው፤ ስድስት ኮር ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፥ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ፥ ለሥራ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ፥ ለመዝገብ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፥ ስክሪንና ዩፒኤስ። ያገለገለ ዕቃ በመምረጣችን ያተረፍነው ገንዘብ ነው ሜሞሪውንና ዲስኩን ያሰፋው። ሲሪልና ጊምፕ ያለ ክፍያ ስለሚገኙ ለሶፍትዌር የምናወጣው ገንዘብ የለም። ሁለት ደንብም አብረን አጽድቀናል። አንደኛው፥ ካሜራው በመጀመሪያ የሰጠን ፋይል በሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። እናት ብራና የሚጥል ሊቅ የለምና። ሁለተኛው፥ በማናቸውም ሥዕል ሥር ስንት ደቂቃ እንደ ተነሣና በምን መሣሪያ እንደ ተሠራ ይጻፋል።

ክረምት ሰማዩን ሲዘጋው በበጋ የለቀምነውን ለማበጠር ጊዜ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን አራታችን እዚህ አንኖርም። ኮምፒዩተሩን ለማስቀመጥ ከተማሪዎች ማኅበር ክፍል አንዲት ጥግ ጠይቀናል። እንግዲህ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሆይ፥ የማንኛውም ፋኩልቲ ብትሆኑ፥ ከግንቦት በፊት መጥታችሁ አጠቃቀሙን ብትማሩልን ደስ ይለናል። የፊዚክስ ዕውቀት መግቢያ አይደለም፤ 200 ቅጂ በትዕግሥት ለማመሳከር ፈቃደኛ መሆን ይበቃል።