ሁለቱም «አለሁ» አሉ

በክረምት ዳታ ሴንተር ውስጥ የሚያድር ሰው ብርዱ ድርብ ነው። አንዱ የሐምሌ ብርድ ነው፤ ሌላው ማሽኖቹ እንዳይግሉ ሌት ተቀን የሚነፋው ማቀዝቀዣ። እኛ ተረኞቹ ሁለቱንም የምንከላከለው በአንድ ጋቢ ነበር። የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ገቢው ይደርበዋል፣ ወጪው ወንበሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ፣ አሁን በማስታውሰው ሌሊት፣ ጋቢው የነበረው እኔ ትከሻ ላይ ነው።

የምሠራበት ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ የያዘው ዳታቤዝ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 በተጫነባቸው ሁለት ሰርቨሮች ላይ ነበር የሚሠራው። ሰነድ ላይ ረጅም ረጅም ስም ነበራቸው፤ እኛ ግን ታላቅና ታናሽ እንላቸዋለን። ታላቅ ይሠራል፣ ታናሽ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለው ጥምረት ክላስተር ይባላል። ዳታው የሚቀመጠው ከሁለቱም ውጭ፣ ሁለቱም ሊደርሱበት በሚችሉት የጋራ ዲስክ ላይ ነው። ታላቅ ከወደቀ ታናሽ ዲስኩን ይረከባል፣ ዳታቤዙን ያስነሣል፣ ቅርንጫፎች የሚያውቁትን የአይፒ አድራሻ ለራሱ ይወስዳል። መስኮት ላይ የቆመው ደንበኛ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቅ ነው።

ይህ ሁሉ የቆመው በአንድ ጥያቄና መልስ ላይ ነው። ኮሮሲንክ የሚባለው ሶፍትዌር በሁለቱ መካከል ሳያቋርጥ መልእክት ያመላልሳል፤ በሙያው «የልብ ምት» ይባላል። እኔ ግን ሥራ ስጀምር የገባኝ እንደ ሰፈር ሰላምታ ነው። አንዱ «አለህ?» ይላል፣ ሌላው «አለሁ» ይላል። መልሱ እኛ በወሰንነው 10 ሴኮንድ ውስጥ ካልመጣ፣ ፔስሜከር የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ዝም ያለውን እንደ ሞተ ቆጥሮ ውርሱን ያዛውራል።

ከውርሱ በፊት ግን መሞቱን ማረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው ደግሞ ርኅራኄ የለውም፤ ዝም ያለውን ሰርቨር ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ራሱ ይገድለዋል። ይህ ፌንሲንግ ይባላል። ስቶኒት የሚል ሌላ ስምም አለው፤ ሲፈታ «ሌላኛውን ሰርቨር ጭንቅላቱን ምታው» ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር።

ያጠፋሁት ይህንኑ ነው።

ግንቦት ላይ፣ አለቆች በተገኙበት፣ ሙከራ አደረግን። የታላቅን ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ነቀልን። ታናሽ በደንቡ መሠረት ታላቅ እንዲገደል አዘዘ። ትእዛዙ የሚሄደው ታላቅ ውስጥ ወዳለች፣ ሰርቨሩ ቢዘጋም ነቅታ ወደምትጠብቅ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። እሷም ግን የምትኖረው በዚያው ገመድ ነው፤ ገመዱ ሲነቀል አብራ ጠፍታለች። ታናሽ ደጋግሞ አዘዘ። የመገደሉ ማረጋገጫ ስላልመጣለት ዲስኩን አልነካም። ትክክል ነበር፤ እኛ ግን ግትርነት መሰለን። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር አለፈ። ከኋላዬ አንድ ኃላፊ «ያን ሁሉ ዶላር ያወጣነው ለዚህ ነው?» አሉ።

ኪቦርዱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ፌንሲንጉን የሚያጠፋ አንድ መስመር ጻፍኩ። ታናሽ ወዲያው ተነሣ፤ ተጨበጨበ። በለውጥ መዝገቡ ላይ፣ «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በእጅ ጽሕፈቴ «ለሙከራው ሲባል ለጊዜው ጠፍቷል» ብዬ አሰፈርኩና ፈረምኩ።

ጊዜው ሁለት ወር ሆነ።

ያን የሐምሌ ሌሊት መብራት ሄደ። ይህ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ወሬ አይደለም። መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ሰርቨሮቹን ያዘ፤ ከ12 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ጄኔሬተሩ አጓራ፣ አምፖሉ በራ። እኔም ያስቀመጥኩትን የሻይ ብርጭቆ መልሼ አነሣሁ።

ያላወቅሁት፣ የልብ ምቱ የሚያልፍበት ስዊች የሰርቨሮቹ መደርደሪያ (ራክ) ሲዘዋወር ለጥቂት ቀን ተብሎ ግድግዳ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መቅረቱን ነው። ከዩፒኤስ ውጭ ነበር፤ ሁለቱም የልብ ምት መስመሮች ደግሞ የሚያልፉት በእሱ ነው። የጠፋው ለ12 ሴኮንድ ቢሆንም፣ ሲነሣ ራሱን ፈትሾ እስኪጨርስ ሦስት ደቂቃ ፈጀ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ታላቅም ታናሽም ፍጹም ጤነኞች ነበሩ፤ መደማመጥ ብቻ ነው ያቃታቸው።

ስክሪኔ ላይ ሁለት መስኮት ከፍቻለሁ። የታናሽ መስኮት ታላቅ እንደሌለና አገልግሎቱ ሁሉ እሱ ጋ እንደተነሣ ያሳያል። ደስ አለኝ፤ ክላስተር ማለት ይህ አይደል? ሎጉ 02:14 ይላል፤ እኔ በተረኛ ደብተሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ብዬ ጻፍኩ። በእኛና በማሽኖቹ መካከል ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት አለ። ከደብተሩ ቀና ስል ዓይኔ የታላቅ መስኮት ላይ አረፈ። ታናሽ የለም፣ አገልግሎቱ ሁሉ እኔ ጋ ነው ይላል እሱም።

የቡድናችን አንጋፋ ጋ ደወልኩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱም አለሁ እያሉ ነው።»

ዝም አሉ። እንቅልፉ ከድምፃቸው ሲወጣ ተሰማኝ።

«ዲስኩስ?»

«ሁለቱም ጋ ነው።»

«አንዱን ግደይው።»

«የትኛውን?»

«ደስ ያለሽን! ብቻ አሁኑኑ!»

ከወንበሬ እስከ ራኩ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ታናሽ ፊት ቆሜ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ፤ አልጫንኩም። አረንጓዴ መብራቱን እያበራ የሚሠራ ሰርቨር በገዛ እጅ መግደል ከበደኝ። ስዊቹ የተነሣው ጣቴ እዚያው እንዳለ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ፔስሜከር አንዱን አገልግሎት ሁለት ቦታ ላይ አገኘው፤ እንደ ደንቡም ሁለቱም ጋ አቆመና አንዱ ላይ ሊያስነሣው ሞከረ። ዳታቤዙ ግን አልነሣ አለ።

ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሲስተም የዲስኩ ባለቤት አንድ ብቻ መሆኑን አምኖ ነው የሚጽፈው። ሁለት ሰርቨር በአንድ ጊዜ ሲይዘው፣ አንዱ ያሰፈረው ላይ ሌላው ሳያውቅ ይጽፍበታል። ሁለት ጸሐፊዎች በጨለማ አንድ መዝገብ ላይ እንደማለት ነው።

ጋሼ በታክሲ ደረሱ። አልተቆጡም። ጋቢውን ከትከሻዬ ወስደው ደረቡና ተቀመጡ። ማታ የተወሰደውን ባክአፕ ከቴፕ ወደ ሌላ ዲስክ መለስን። ከዚያ ወዲህ የተደረጉትን ለውጦች የመዘገቡት አርካይቭ ሎጎች ለብቻቸው ይቀመጡ ስለነበር ተርፈዋል፤ አንድ በአንድ እየተነበቡ ተጨመሩበት። በዚህ መሐል ነጋ፤ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ደንበኛ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት ዐረፍተ ነገር በየመስኮቱ ተነገረች፦ «ሲስተም የለም።» ወረፋ ላይ ቆሜ ሰምቻት የተናደድኩባት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ቀን ግን ያስቸገረን የሲስተም መጥፋት ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነበር።

ዳታቤዙ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ተከፈተ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች የኤቲኤም ወጪ ከማሽኖቹ መዝገብ ጋር ለማስታረቅ ሌላ ሦስት ቀን ወሰደብን።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀመጥን። እኔ ማልቀስ እየቃጣኝ ነበር። ጋሼ ስኳሩን እያማሰሉ፣ ጉዳዩ ሌላ ይመስል፣ ስለ አጎታቸው ማውራት ጀመሩ።

«ወታደር ነበሩ። በ83 ሠራዊቱ ሲበተን ወሬያቸው ጠፋ። ዓመት ተጠበቀ፤ አየሁ የሚል የለም። መርዶ ተነገረ፣ ለቅሶ ተቀመጥን፣ ተዝካር ወጣ። ወንድሞቻቸው በሬዎቹን ተካፈሉ፣ መሬቱን አረሱት። በሁለተኛው ዓመት በሱዳን አድርገው ከች አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ክርክር ነው። ማንም አልዋሸም እኮ። እሳቸውም አለሁ፣ ወራሾቹም አለን። በሬው ግን አንድ ነው።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሰው ስለሆኑ ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው ኖረ። ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ግን መጀመሪያ ማጥፋት ነው። ነገ ትቀሰቅሺዋለሽ። የተበላሸ ዳታ ግን አይቀሰቀስም።»

ፌንሲንጉ በዚያው ሳምንት ተመለሰ። ትንሿ መቆጣጠሪያ መልስ ካጣች የሚሞከር ሁለተኛ መንገድም ተበጀ፦ ራኩ ላይ ያለው በኔትወርክ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሶኬቱን ራሱ ይዘጋል። ሁለቱ እኩል ተኩሰው አብረው እንዳይወድቁም ታላቅን የሚመታው ትእዛዝ 10 ሴኮንድ እንዲዘገይ አደረግን። የልብ ምቱ የማይገናኙ ሁለት ስዊቾች አገኘ፤ ሁለቱም ዩፒኤስ ላይ። ሬድ ሃት 7.4 ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ሕንጻ ውስጥ አንዲት አነስተኛ ማሽን አቆምን። ዳታ አትይዝም፣ አገልግሎት አታስነሣም፤ ሁለቱ ሲለያዩ ሦስተኛ ድምፅ ሆና ማን ይቀጥል የሚለውን ትለያለች። ስሟን ሽማግሌ አልናት፤ ያወጡላት ጋሼ ናቸው።

ሙከራውን ስንደግም የታላቅ ገመዶች እንደገና ተነቀሉ። የመጀመሪያው መንገድ መልስ አጣ፤ ሁለተኛው ሶኬቱን ዘጋ፤ ታናሽ ተረከበ። የግንቦቱ ጭብጨባ ግን አልነበረም። ጋሼ ብቻ መነጽራቸውን አድርገው ሎጉን ሁለቴ አነበቡት።

አሁን እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ አዳዲሶቹን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። በቅርቡ አንዱ ሙከራ ሲጓተትበትና ከኋላው የቆሙት ሰዎች ሰዓታቸውን ማየት ሲጀምሩ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ፌንሲንጉን ለጊዜው እናጥፋው እንዴ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። የ2008ን የለውጥ መዝገብ ከመደርደሪያው አውርጄ ገጹን ገለጥኩለት። ቀኑን አነበበ፣ ምክንያቱን አነበበ፣ ታች ወዳለው ፊርማ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

ወንበሩ ላይ የነበረውን ጋቢ አቀበልኩትና ሎጉን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርን።