ፊደል ሲያፏጭ

አንጋፋው ተዋናይ ግጥሙን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በወረቀቱ ላይ አኖሩት። በአዲስ አበባ ከሚገኙት ትንንሽ ስቱዲዮዎች በአንዱ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠው ወጣት የድምፅ ባለሙያ ግን ፊቱን አጨማደደ። ድምፁ ግርማ አለው፤ የግጥሙም ምት አልተዛነፈም። ነገር ግን «ሰ» በመጣ ቁጥር እንደ መርፌ ጆሮ ይወጋል፤ «ሸ»ም በጋለ ምጣድ ላይ እንደ ተረጨ ውሃ ቸስ ይላል። አንጋፋው በቅርቡ የፊት ጥርሳቸውን በሰው ሠራሽ ጥርስ ተክተዋል። ትንፋሻቸውም ግጥሙን ዳግመኛ ለማንበብ የሚበቃ አልነበረም። ስለዚህ ያለው ያው አንድ ቅጂ ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው «ሰ»፣ «ዘ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» እና መሰሎቻቸው የሚፈጠሩት ትንፋሽ በምላስ፣ በላንቃና በጥርስ መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ተገፍቶ ሲያልፍ ነው። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው በሴኮንድ ከ5,000 እስከ 8,000 በሚደርስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በሆነ ንዝረት ነው፤ የ«ሸ» ፉጨት ከዚህ ዝቅ ይላል። በመድረክ ላይ ይህ ፉጨት በርቀት ይለዝባል፤ ቃሉንም እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ጥርት አድርጎ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ የተተከለ ማይክሮፎን ግን አይራራም። ችግሩ በሸክላው ዘመንም የታወቀ ነበር፤ ፉጨቱ ከልክ ሲያልፍ መርፌው ጥቃቅኑን ሞገድ መከተል ይሳነውና ድምፁ ይሻክር ነበር።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው «ዲ-ኤሰር» የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ከበር ጠባቂ ጋር ይመሳሰላል። ባለሙያው በመረጠለት የንዝረት ክልል ውስጥ ጆሮውን ተክሎ ይጠብቃል፤ የፉጨቱ ኀይል ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ያን ቅጽበት ብቻ በጥቂት ዴሲቤል ዝቅ ያደርግና ወዲያው ይለቃል። አናባቢዎቹን አይነካም፤ የድምፁንም ወዝ አይቀንስም። ይህ ግን በልኩ ሲያዝ ነው።

ወጣቱ ከልክ አለፈ። ወሰኑን አጥብቆ ዝቅ ሲያደርገው ፉጨቱ ጠፋ፤ ቅጂውም ለሰለሰ። አንጋፋው ማዳመጫውን አጥልቀው ጥቂት ስንኞች እንደ ሰሙ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እኔ ‹ፀሐይ› ነው ያልኩት። ይህ ‹ጠሐይ› ይላል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ፊደል አልነካሁም» አለ ወጣቱ፤ «ፉጨቱን ብቻ ነው የቀነስኩት።»

«ፉጨቱ ከሄደ ታዲያ ምን ይቀራል?»

ጥያቄው የነገሩ ሥር ነበር። የ«ፀ» ድምፅ ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ እንደ «ጠ» ያለ ፍንዳታ፣ ቀጥሎም አጭር ፉጨት። ፉጨቱ ሲታፈን የሚቀረው «ጠ» ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ጠሐይ»፣ «ጠሎት» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ በዚህም የሚነቀፍ የለም። አንጋፋው ግን ያችን ፊደል በመድረክ ላይ ጠብቀው ለማቆየት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል። «ሰ»ም እንዲሁ ስለቱን ሲያጣ ተናጋሪው ኮልታፋ ይመስላል። ፕሮግራሙ ኀይልን ይለካል እንጂ አማርኛ አያውቅም፤ የጥርሱን ፉጨት ከፊደሉ ፉጨት ሊለይ አይችልም።

ወጣቱ ሥራውን እንደገና ጀመረ። ወሰኑን አላላው፤ ከዚያም ቅጂውን ስንኝ በስንኝ እየሰማ፣ ጆሮ የሚወጉትን ፊደሎች ብቻ አንድ በአንድ በእጁ ዝቅ አደረጋቸው። «ፀ»ዎቹን ሁሉ ተወ። በማዳመጫ የሰማውን በትንሽ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያም ሞከረው፤ ከመጀመሪያው ቅጂ ጋርም በእኩል ጉልበት አስተያየው። ለወደፊቱም ማይክሮፎኑ ከትንፋሹ መስመር ጥቂት ዘወርና ራቅ ቢል ድካሙ እንደሚቀንስ በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ የተጀመረው ሥራ ያበቃው ሲመሽ ነው።

አንጋፋው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። በአንድ ስንኝ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጭን ፉጨት ቀርታ ነበርና ወጣቱ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ያችን ተዋት» አሉት። «ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዳነበበው ይታወቅ።»