ፊዚክስ ደረሰኝ ብሎ ላለቀሰው ወንድማችን



ባለፈው ዓመት የዲፓርትመንት ምደባ በተለጠፈ ማግስት አንድ የዳንግላ ልጅ ደወለልን። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ፊዚክስ ደረሰኝ፤ ትምህርቱን ልተወው ነው» አለን። እያለቀሰ ነበር። የፈለገው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው።

አልተቆጣነውም። እኛም አራታችን፣ ሦስቱ የእንጅባራ፣ አንዷ የዳንግላ ልጅ፣ ፊዚክስ የገባነው በዚያው መንገድ ነው። ከመካከላችን አንደኛ ምርጫው ያደረገው አልነበረም። ሰፈር ውስጥ «ታዲያ መምህር ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ እናውቀዋለን።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ኳንተም ሜካኒክስ የሚባል ኮርስ ወሰድን። የሽሮዲንገርን እኩልታ በሰሌዳ ሙሉ ጽፈን፣ ሸምድደን፣ ተፈትነን አለፍን። «ይህ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ብለን አልጠየቅንም፤ የነገረንም የለም። ተመርቀን ስንወጣ በኪሳችን የያዝነው ስልክ ራሱ የዚያ ኮርስ ውጤት መሆኑን አናውቅም ነበር። ትራንዚስተሩም፣ ሌዘሩም፣ ሆስፒታል ያለው የኤምአርአይ ማሽንም የተሠሩት ኳንተም ፊዚክስ ከታወቀ በኋላ ነው።

የነቃነው ዘግይተን ነው። ከመካከላችን አንዷ ባሕር ዳር ሄዳ፣ ዋይፋይ ካለው ጓደኛዋ ዘንድ የኤምአይቲን የኳንተም ፊዚክስ ትምህርት በነፃ አውርዳ፣ በፍላሽ ይዛልን መጣች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያቺ ፍላሽ ከእንጅባራ አዲስ ቅዳም፣ ከአዲስ ቅዳም ዳንግላ በሚኒባስ ስትመላለስ ከረመች። ኪስኪት የሚባለውን የአይቢኤም ነፃ ፕሮግራምም ኢንተርኔቱ ሳይጠፋ ላፕቶፕ ላይ ጭነነው ነበር። አንዴ ከተጫነ የኳንተም ኮምፒውተርን ሥራ ያለ ኢንተርኔት አስመስሎ ያሠራል።

ያን ጊዜ የገባንን በእኛው ሀገር ምሳሌ እንንገራችሁ። ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ብትወረውሩ ሁለት ሞገድ ይነሣል። ሞገዶቹ ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ ተደምረው ከፍ ይላሉ፤ አንዳንድ ቦታ ተጣፍተው ውኃው ይረጋል። የኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የተሳሳቱት መልሶች ሞገድ እርስ በርሱ እንዲጣፋ፣ የትክክለኛው መልስ ሞገድ እንዲጎላ ይደረጋል። የዚህ ኮምፒውተር መሠረታዊ ክፍል ኪውቢት ይባላል። አንድ ኪውቢት በተጨመረ ቁጥር ላፕቶፓችን መያዝ ያለበት ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ለ20 ኪውቢት 1,048,576 ቁጥር ይበቃል፤ ይህን የእኛ አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል። ለ30 ኪውቢት ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል፤ 16 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ ይፈልጋል። ለ50 ኪውቢት ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን ያልፋል። እውነተኛው ማሽን ለምን እንደሚያስፈልግ የገባን ላፕቶፓችን ሲቆምብን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይህን የት ይማራል? በውጭ ሀገር ለዚሁ የተከፈተ ዲግሪ አለ፤ የአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 በኳንተም ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። እኛ በዚህ ስም በሀገራችን ፈልገን አላገኘንም። ሆኖም በስሙ አትታለሉ። ወደ ኳንተም የሚያስገባው በር ልጆቻችን የሚያለቅሱበት ክፍል ነው፤ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ኮምፒውተር ሳይንስ።

ይህ ባዶ ማጽናኛ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶ/ር ፍስሐ ካሳሁን በኳንተም ኦፕቲክስ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል፤ መጽሐፍም አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አብሯቸው ስለ ሌዘር ብርሃን የምርምር ጽሑፍ ያወጣው እዮብ አለባቸው ቴክሳስ ሄዶ ዶክትሬቱን ሠራ። ከዚያ በኋላ ስሙ ካሊፎርኒያ ውስጥ የኳንተም ኮምፒውተር የሚሠራው ሪጌቲ ኩባንያ ባወጣቸው ጥናቶች ላይ ይገኛል። መነሻው ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር።

ስለዚህ ከወዲሁ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሊኒየር አልጀብራን ለፈተና ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ተማሩት፤ የኪውቢት ቋንቋ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ፓይተን ልመዱ። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ጥናታችሁን በዚሁ ርእስ ለመሥራት መምህራችሁን ጠይቁ፤ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እውነተኛ የኳንተም ኮምፒውተር በኢንተርኔት በነፃ ያስሞክራል፤ የሚሰጠው ደቂቃ ጥቂት ቢሆንም ለተማሪ ይበቃል።

ከምረቃ በኋላ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ለታዳጊ ሀገራት ምሩቃን ወጪውን ችሎ የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል። ሩዋንዳ፣ ጋና፣ ደቡብ አፍሪካና ሌሎችም ሀገራት ያለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ደግሞ በነፃ ማስተርስ ያስተምራል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ውጤትና እንግሊዝኛ ይጠየቃል። «እኔ ላስገባችሁ» ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ደላላ ግን ራቁ።

አንድ እውነት አንደብቅ። ከአራታችን ሁለቱ ጠመኔ ይዘን እናስተምራለን፤ አንዱ ዳንግላ ስልክ ይጠግናል፤ አንዷ ለውጭ ትምህርት አመልክታ መልስ እየጠበቀች ነው። ኳንተም ነገ እንጀራ ይሆናል ብለን አንምልላችሁም። ልጁ ቤት በሄድን ጊዜ እናቱ ይህንኑ ጠየቁን። አማርኛው አልበቃ ብሎን ወደ አዊኛ ገባን፤ ስለ ሐይቁ ሞገድ ነገርናቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ «እናንተ በዚህ ትምህርት ተጸጽታችኋል ወይ?» አሉን።

ተያየን። የተጸጸትነው ፊዚክስ በመማራችን አልነበረም፤ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ቅጣት ቆጥረነው በማሳለፋችን ነው። ይህንኑ ነገርናቸው።

ልጁ ትምህርቱን አልተወም፤ ሁለተኛ ዓመት ነው። ይወደው እንደሆነ ገና አልነገረንም። ባለፈው ሳምንት ግን ያቺን ፍላሽ አምጡ ብሎ ልኮብናል። በእንጅባራም በዳንግላም ዘንድሮ ፊዚክስ ደርሷችሁ በር የዘጋችሁ ካላችሁ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ እንገለብጥላችኋለን፤ አብረንም እንቀመጣለን፤ ኢንሻአላህ።