ዶሮዋና ጥሬዋ

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል። አባባሉ የሚነግረን ግን የምትመኘውን እንጂ የሚያስፈልጋትን አይደለም። እኔ በምኖርባት በአዳማ ከተማ የጓሮ ዶሮ ምግብ ዘወትር ከሰው ማዕድ የተረፈው ነው፤ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የእህል ግርድ፣ የጠላ አተላ። በዚህ መኖር መቻሏ አይካድም፤ መኖርና ዕንቁላል መጣል ግን ለየቅል ናቸው።

በቆሎ ጉልበት ይሰጣታል እንጂ በቂ ፕሮቲን የለውም። በቢሾፍቱ እንዳሉት ታላላቅ እርባታዎች መኖ ለማመጣጠን አቅም የሌለው ባለጓሮ፣ ጉድለቱን በኑግ ፋጉሎ ሊያቃልለው ይችላል። ምስጥ ያገኘ ደግሞ ለጫጩቶቹ ድግስ አገኘ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቅርፊቱ ነገር ነው። አንድ የዕንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል። ዶሮዋ ይህን ከመኖዋ ብታጣ ወዲያው መጣሏን አታቆምም፤ ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ቅርፊቱን ትሠራለች። እኛ ዕንቁላሉን እየቆጠርን ስንደሰት የእርሷ እግር ይዝላል። አንዲት ጎረቤቴ የዕንቁላል ቅርፊት ሰብስባ፣ በምጣድ አምሳ፣ በሙቀጫ ደቁሳ፣ ከመኖው ለይታ በጣባ ታቀርባለች። የምትጥለዋ ዶሮ እየመጣች ትለቅማለች፤ አውራው ግን እምብዛም አይነካው።

ጎመን ቢጨመርላቸው መልካም ነው፤ ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን ይቅር። የሻገተ በቆሎ «ለዶሮ ይሆናል» ሲባል ስሰማ እከፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ቱርክ ዶሮዎች ያለቁት በሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር፤ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው። ይህን መርዝ ማጠብም ሆነ ማመስ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ወደ ዕንቁላሉም ሊያልፍ ይችላል።