ማን ሞተ? ማንስ ሊዳር ነው?

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ድንኳን ሽታው ይውጣለት ብዬ አጥራችን ላይ ዘረጋሁት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የግቢውን በር ገፋ አድርገው ገቡ።

"ምነው ልጄ? ማን ሞተባችሁ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ!"

ፊታቸው ወዲያው ፈካ። "ታዲያ ሽማግሌ መጥቶ ነዋ! ሳትነግሩኝ?"

ድንኳኑ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ የሚያስተኛ፣ ቁመቱ ከወገቤ የማያልፍ አረንጓዴ ነገር ነው። ለቀስተኛ አይዝ፣ ሰርገኛ አያስጨፍር። ግን በእኛ ሰፈር ድንኳን ያለው ሁለት ሥራ ብቻ ነው። ሦስተኛ ሥራ እንዳለው ለማስረዳት አፌን ስከፍት እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። ያኔ ነው ጉዴ የፈላው። ምክንያቱም ለእሷ ገና አልነገርኳትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜና እሑድ ባሌ ሄደን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድና ድንኳን ውስጥ ለማደር ካቀድን ሁለት ወር ሆነን። ዝዋይና ሐዋሳ እያሉ ዓሣ ፍለጋ ባሌ ድረስ ምን አስኬዳችሁ እንዳትሉኝ። ትራውት እንደ ቆሮሶ ሞቅ ባለ ሐይቅ ውስጥ ተንፈላሶ የሚኖር ዓሣ አይደለም። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና እየተጋጨ የሚወርድ ውኃ ይፈልጋል። ውኃው ሲሞቅ አየሩ ያጥረዋል። እንዲህ ያለ ውኃ ደግሞ ዲንሾ አካባቢ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሌ ተራሮች የሚወርዱት እነ ወይብና ዳንካ።

የሚገርመው፣ ዓሣው የባሌ ተወላጅ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ ወንዞቹ ውስጥ የተለቀቀ ነው። ወደ ኬንያም ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። ከሁለቱ ዓይነቶች ቡናማው የአውሮፓ፣ ጎኑ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል መስመር ያለው ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ዘር ነው። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ "ስለዚህ መጤ ነው በለኛ!" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ቃሉ በአገራችን ዓሣ ላይ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ እቅዱ። የሂሳብ ሹማችን (ባንክ ስለሚሠራ ሳንመርጠው ተሾመ) ቁጭ ብሎ ሲያሰላው ከአዲስ አበባ ዲንሾ በሻሸመኔ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሻሸመኔ ምሳ፣ ከዚያ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ። ዓርብ በጠዋት ወጥተን ማታ ብንደርስና እሑድ ብንመለስ፣ ዓሣው ፊት የምንቆመው ቅዳሜን ብቻ ነው። "ሁለት ቀን መኪና ውስጥ፣ አንድ ቀን ወንዝ ዳር። ለአንድ ዓሣ ስንት እንደሚደርስ ላስላላችሁ?" አለ። አታስላ አልነው። ሰኞን ከየመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ጠየቅን፤ እሑድ ጠዋትም የእኛ ሆነ።

ወሩን የመረጥነው እንዲሁ አይደለም። በክረምት ወንዙ ይደፈርሳል፣ ጭቃውም መኪና ይውጣል። በጥር ውኃው ይጠራል። ዋጋው ግን ብርዱ ነው፤ በዚያ ከፍታ የበጋ ሌሊት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጥላል። ስለዚህ የዕቃ ዝርዝራችን ላይ ከመንጠቆና ከዘንግ በፊት የተጻፈው ብርድ ልብስ ነው። ከዚያ ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ (ብርዱ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው አሉን)፣ የእጅ ባትሪ፣ የጋዝ ምድጃ። እንጨት ለቅመን እሳት እናነዳለን ያለው ጓደኛችን በድምፅ ብልጫ ተሸነፈ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩበት። ለሻያችን ብለን ቁጥቋጦውን አንመለምልም። ዲንሾ እንደደረስን መጀመሪያ የምንሄደው ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የማጥመጃውን ፈቃድና ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

ማጥመዱን የሚያውቀው ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ እንዳስተማረን ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ፣ ውኃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡን ወንዙ ያመጣለታል። ስለዚህ ከበታቹ፣ ከኋላው ነው የሚቀረበው። ጥላችን ውኃው ላይ ካረፈ ወይም ዳር ዳሩን በኮቴ ከደበደብነው ያበቃል። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበላል፤ እኩለ ቀን ላይ ድንጋይ ሥር ይሸጎጣል። ትንሽ ከያዝን እንመልሰዋለን፤ ስንመልሰው ግን እጃችንን ውኃ ነክረን ነው የምንነካው፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ልጋግ ይገፈዋልና። ያልኩት ሁሉ የቃል ትምህርት ነው። እስካሁን ያጠመድነው የሂሳብ ሹሙን ጃኬት ብቻ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ስንለማመድ።

ምግቡም ታስቦበታል። ዓርብ ማታ ጾም ስለሆነ ሽሮ። ቅዳሜ ዓሣ፤ ዓሣው እምቢ ካለ ፓስታ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ በየቦርሳው።

ሁሉም ነገር ታቅዷል። ያልታቀደው እናቴ ነበረች።

ልክ ነው፣ ዲግሪ አለኝ። በራሴ ደመወዝ የቤት አስቤዛ እጋራለሁ። ሥራ ብሎ የላከኝ ሰው ካለ የትም ከተማ አድሬ እመለሳለሁ፤ እናቴም ትመርቀኛለች። ለራሴ ብዬ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ደስ ስላለኝ ብቻ ከቤት ውጪ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ የምታነቡኝ እህቶቼ ታውቁታላችሁ። ለዚህ የሚሆን የጋራ መፍትሔም አለን፤ "ወርክሾፕ" ይባላል። እኔም አዘጋጅቼው ነበር። ሐዋሳ፣ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል ያለው። የአብራኝ ሴት ጓደኛዬ እናትም ያችው ሥልጠና ናት የተነገረቻቸው።

እና አሁን ድንኳኑ አጥር ላይ ነው፤ እናቴ በር ላይ ነች፤ እትዬ መሀል ቆመው መልስ ይጠብቃሉ። በወርክሾፕ ድንኳን አይያዝም።

ነገርኳት። ሁሉንም። ስንት እንደሆንን፣ ወንዶች እንዳሉ፣ ዓሣውን፣ ፓርኩን። እትዬ "በስመ አብ!" ብለው ነጠላቸውን አቃንተው ወጡ። እናቴ የጠየቀችው ግን ያልጠበቅኩትን ነው።

"ዲንሾ ነው ያልሽው?"

እናቴ በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ የመሠረተ ትምህርት ዘማች ነበረች። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በየክረምቱ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። መዝመቷን አውቃለሁ። የት እንደዘመተች ግን በሃያ አምስት ዓመቴ ጠይቄያት አላውቅም። ጋዜጠኝነት ተምሬያለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ።

ከዲንሾ ብዙም የማይርቅ ቀበሌ ነበር የደረሳት። የዝናቡን ሁለት ወር ከአራት ሴት ልጆች ጋር አንድ መማሪያ ክፍል ወለል ላይ ተኝታ አሳለፈች። ለማስተማር ስትሄድ የምትሻገረው ወንዝ ነበር፤ ሲሞላ ጎረምሶች ገመድ ይዘው ያሻግሯቸዋል።

"ዓሣ አይተሽ ነበር?" አልኳት።

"እኔ እግሬን እንዳይወስደኝ ነበር የማየው፤ የምን ዓሣ!"

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ያኔ ትራውቱ ከገባ ቆይቷል። እናቴ በየቀኑ በፍርሃት ስትሻገር፣ የእኔ መዝናኛ ከሥሯ ይዋኝ ነበር ማለት ነው።

"አያቴ እንዴት ፈቀደች?" ስላት ሳቀች። "ማን አስፈቅዷት? መንግሥት ነው የወሰደኝ። ግድ ሲሆን እኮ ፈቃድም የለ፣ እምቢታም የለ።" ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ "እናቴ ያን ክረምት አልጋ ላይ አልተኛችም። ልጄ መሬት እየተኛች እኔ አልጋ ላይ አልተኛም ብላ፣ እስክመለስ ድረስ ሰሌን ላይ ነበረች። የነገሩኝ ከሞተች በኋላ ነው" አለች።

የምመልሰው ጠፋኝ። ለሁለት ወር የጻፍነው ዝርዝር ውስጥ ብርድ አለ፣ ጭቃ አለ፣ የዓሣው ጠባይ አለ። እቤት ቀርቶ የሚጠብቅ ሰው የለም። ወርክሾፕ የሚባለው ውሸትም እናቴን ከጭንቀት የሚያድናት ይመስለኝ ነበር። አንድ ነገር ብሆን ሐዋሳ ነበር የምትፈልገኝ።

እሺ አላለችኝም። እምቢም አላለችኝም። ማታ ላይ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከማን እንደምናጣራ፣ መኪናውን ማን እንደሚነዳ፣ የሌላዋ ልጅ እናት ማወቃቸውን ጠየቀችኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ ለጓደኛዬ ደውዬ አስተላለፍኩ። አሁን እሷም የራሷን ፈተና እየተፈተነች ነው፤ ውጤቱ አልመጣም። ካልተፈቀደላት አራት እንሆናለን ወይስ እንቀራለን የሚለውን ገና አልተነጋገርንበትም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ የእናቴ ወፍራም ጋቢ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል።

"እኔ እንደ እናቴ መሬት አልተኛልሽም፤ ወገቤም አይችል" አለችኝ ከሳሎን። "አልጋዬ ላይ ነኝ። አንቺ ግን ማታ ማታ ደውዪ።"

ዝርዝሩ ላይ ሁለት ነገር ጨመርኩ፤ ጋቢ፣ እና የስልክ ባትሪ መሙያ። ሸለቆው ውስጥ ስልክ ካልያዘ እስኪይዝ ድረስ ዳገቱን እወጣለሁ። ዓሣው ይጠብቃል።