«ብጉር ናት» የተባለችው 4 ወር ከረመች!

ከላላን የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት። በአንድ ወገን ለጋምቦ፣ በሌላው ጃማ ያዋስኗታል። አገሩ ሜዳ ነው ስትሉ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ትቆማላችሁ፤ ጉድ ነው! ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሽኮኮው ቋጥኝ ላይ ተደርድሮ ይሞቃል። ሽኮኮዋን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። ልጃቸው 17 ዓመቷ ነው፤ ቆንጆ ናት። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ግን ቀላ ያለች እብጠት አለች። አታምም፣ መግል የላትም፣ ግን ደግሞ አትሄድም! 4 ወር ሆናት። ልጅቷ ቡና የምታቀርበው ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነው።

ቡናው ላይ ምክሩ ጎረፈ። አንዷ ጎረቤት «ስታገባ ይጠፋላታል» አለች። ሌላዋ ቅጠል አዘዘች። አንድ አዛውንት «በጋለ ብረት ጠቆም ማድረግ ነው» ሲሉ ልጅቷ ጀበናውን እንደያዘች ክው አለች። አክስቴም የጉንጫቸውን ጠባሳ እያሳዩ፣ «ወላሂ፣ የኔስ ከርሞ ከርሞ በራሱ አይደል የጠፋው?» አሉ።

«አክስቴ፣ የእርስዎ ጉንጭ ላይ ነበር፤ የሷ አፍንጫ ላይ ነው። ለማንኛውም ሐኪም ይያት» አልኩ።

ጤና ጣቢያ ያየቻት ባለሙያ፣ «ቁንጭር ይመስለኛል፤ ግን በዓይን ብቻ አይቆረጥም። ቦሩ ሜዳ ውሰዷት» አለችን።

ቦሩ ሜዳ ደሴ አጠገብ ነው። በታሪክ ትምህርት የ1870 ዓ.ም.ን የአፄ ዮሐንስን ጉባኤ ታስታውሱ ይሆናል፤ ለቆዳ ሕመምተኛ ግን ስሙ ሆስፒታሉ ነው። እዚያ ከእብጠቷ ጠርዝ ትንሽ ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ አዩ። ቁንጭር ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሕዋሲው በአገራችን ስም «ሌሽማንያ ኢትዮፒካ» ይባላል። የሚኖረው ሽኮኮ ላይ ነው። ወደ ሰው የምታሻግረው ከትንኝ የምታንስ፣ በጨለማ የምትነድፍ የአሸዋ ዝንብ ናት። አብሮ በመብላት ወይም በመሳሳም አይጋባም፤ ልጅቷን የምትሸሹ ካላችሁ ነውር ነው! አክስቴ እንዳሉት ብዙው ቆይቶ ጠባሳ ጥሎ ይድናል። አፍንጫና ከንፈር ላይ ሲሆን ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊበላ ይችላል። አልፎ አልፎም ሰውነት ላይ ተሰራጭቶ ሥጋ ደዌ ይመስላል። መድኃኒት አለው፤ በመርፌም፣ በማቀዝቀዝም፣ በሚዋጥ እንክብልም ይታከማል። የጋለ ብረትና ቅጠል ግን ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

ልጅቷ መርፌ ከመጀመሯ በፊት፣ «ጠባሳው ይቀራል?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሙም አልዋሻትም። «ትንሽ ሊቀር ይችላል። አፍንጫሽ ግን አብሮሽ ይኖራል» አላት። ሳቀች።

እናንተም ከተሜዎች፣ ገደል አገር ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ ከሳምንታት፣ ከወራትም በኋላ የማታምም እብጠት ብትወጣና አልሄድ ብትል፣ አትጭመቋት፤ ከፋርማሲ ቅባትም አትገምቱ። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳን የት አገር ከርማችሁ እንደመጣችሁ ንገሩት። ግማሹ ምርመራ እሱ ነው።