በበሽታ ያሳበብኩት ጥፋት

በመቂና በዝዋይ አካባቢ አትክልት አምራቾችን ሳማክር ካጠፋሁት ሁሉ አንዱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የጀማሪ ባለሙያ አለማወቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሴን ይቅር ባልኩ ነበር። እኔ ግን ጥፋቴን ካወቅሁ በኋላ ዋሽቻለሁ።

ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ብዙም በማይርቅ መሬት ላይ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት ምክር ጠየቁኝ። ማዳበሪያ ተወዶ ስለነበር ከዶሮ እርባታ የሚወጣ ፍግ እንዲያስመጡ ነገርኳቸው። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ የዶሮ ፍግ ከከብት እበት ይልቅ በናይትሮጅንና በፎስፈረስ የበለጸገ ነው። ነገር ግን ፍጉ ሳይብላላ ከዶሮ ቤቱ እንደወጣ መጣ። አፈሩን አላስመረመርኩም፤ ለመሬቱ ስንት ኩንታል እንደሚበቃም አላሰላሁም። ችግኝ ሊተከል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አስበተንኩት። በዚያ ላይ የተለመደውን ኤንፒኤስና ዩሪያ ምንም ሳልቀንስ አዘዝኩ። ኤንፒኤስ ከመቶ 19 እጁ ናይትሮጅን፣ 38 እጁ ፎስፌት፣ 7 እጁ ድኝ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ፍጉ የያዘው ንጥረ ነገር ከዚህ ላይ መቀነስ እንዳለበት ተምሬያለሁ። «ቢበዛ ምን ይጎዳል» ብዬ አለፍኩት።

ችግኙ ከጫፉ እየነጣ ደረቀ። ሽንኩርት ጨው ከማይችሉ አትክልቶች አንዱ ነው፤ ያልተብላላ የዶሮ ፍግ ደግሞ በጨውና በአሞኒያ ሥር ያቃጥላል። መደቡ ዳር ቆሜ ሽታው አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ ምክንያቱ ገብቶኛል። እኚያ አባት «ምን ነክቶት ነው ልጄ?» ሲሉኝ ግን «በሽታ ይመስላል» አልኳቸው። አመኑኝ። ተበድረው የፈንገስ መድኃኒት ገዙና ረጩ፤ ችግኙ አልዳነም። በጥፋቴ ላይ ዕዳ ጨመርኩባቸው፤ የማያስፈልግ መርዝም በማሳቸው ላይ እንዲረጭ አደረግሁ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ፍጉ በአፈር አልተሸፈነም ነበር፤ ማሳው እስከ ውሃው ዳር የታረሰ ስለነበር ጎርፉን የሚይዝ የሣር መቀነት እንኳ አልነበረውም። ጎርፉ የቀረውን ጠርጎ ወደ ሐይቁ አወረደው።

የዝዋይ ሐይቅ፣ ደምበል፣ ከ400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ በአማካይ ከ3 ሜትር አይበልጥም። የባቱ (ዝዋይ) ከተማ ሰው ይጠጣዋል፤ አስጋሪው ይኖርበታል። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ታጥቦ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ አልጌን ይቀልባል። ናይትሬት ደግሞ በውሃ ሟሙቶ ወደ ጉድጓድ ይሰርጋል፤ በዝቶ በጡጦ ወተት ሲቀላቀል የሕፃናትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የወሰነው ለዚህ ነው። ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአዳማ ብዙ የማይርቀውን የቆቃ ሐይቅ መመልከት ይበቃል። እምቦጭ ወሮታል፤ ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዝ አመንጪ ረቂቅ ተሕዋስም ውሃውን አረንጓዴ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ከእርሻ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽም አለበት። እኔ ግን የምጠየቀው ባማከርኩበት ማሳ ነው፤ ከዚያ ማሳ የወረደውን አውቃለሁ።

ማድረግ የነበረብኝ ከባድ አልነበረም። ፍጉ ተከምሮ፣ እርጥበት አግኝቶ፣ እየተገላበጠ ቢብላላ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ይደርስና የበሽታ ተሕዋስንና የአረም ዘርን ይገድል ነበር። ዩሪያውን ከፋፍዬ በየጊዜው ማሰጠት፣ በአፈር ማስሸፈን ነበረብኝ፤ በሞቃትና አልካላይን በሆነ አፈር ላይ ሳይሸፈን የተበተነ ዩሪያ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል። ከባድ ዝናብ ሲያንዣብብ ማስቆም፣ በማሳውና በውሃው መካከል ሣር ማስቀረት ነበረብኝ። ካላወቅሁም ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአካባቢያችን የኖረውን የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ያኔውኑ ብትነግረኝ መድኃኒቱን አልገዛም ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው። የተቃጠለውን ችግኝ መመለስ ባልችልም ዕዳውን ማስቀረት እችል ነበር፤ ያላስቀረሁት ስሜ እንዳይጎድፍ ስለፈራሁ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ለምትሠሩ ወጣት ባለሙያዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የምትመክሩት መጠን ከማሳው ድንበር አልፎ ወዴት እንደሚወርድ ሳታዩ ገበሬውን «በትን» አትበሉት። ከተሳሳታችሁ ደግሞ በዚያው ቀን፣ እዚያው ማሳ ላይ ቆማችሁ ንገሩት። ገበሬው የሚከፍለው በገንዘቡና በመሬቱ ነውና እውነቱን የማወቅ መብት አለው።